ውድ ወቅት ሁሉ ፀሐያማ አይደለም፦ በብርድ ወራት የሐሩር ደሴት ዕረፍትን ማቀድ

«ክረምት» ስንል በአማርኛ ቀድሞ የሚታየን ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ነው። የጉዞ ወኪሎችና ሆቴሎች «የክረምት ዋና ወቅት» ብለው ዋጋ ሲያወጡ የሚናገሩት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። እነርሱ የሚሉት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቀኑ የሚያጥርበትን፣ ብርዱ የሚጠናበትንና በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን ምሥራቅ እስያ የሚኖረው ሰው ሙቀት ፍለጋ ሻንጣውን የሚያነሣበትን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ነው። የአየር መንገድ ቲኬትም ሆነ የሆቴል ዋጋ የሚወጣው በዚያው አቆጣጠር ስለሆነ እኔም ወራቱንና ዓመታቱን በእርሱ እጠቅሳለሁ።

ይህ የቃል ልዩነት ተራ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም የብዙ ተጓዦች ስሕተት የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በእነዚህ ወራት ዋጋ የሚንረው በዋናነት ደሴቱ ላይ ፀሐይ ስለወጣች ሳይሆን የእንግዳው አገር ስለቀዘቀዘና ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንዳንድ ጊዜ ይገጣጠማሉ፤ የካሪቢያን ደሴቶች በጃንዋሪ ውድም ናቸው፣ ደረቅም ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ግን ጨርሶ አይገጣጠሙም፤ የኢንዶኔዥያዋ ባሊ በአውሮፓውያን ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን ዋጋዋ ጣሪያ ሲነካ ሰማይዋ በዝናብ ወቅቷ መካከል ነው። «ይህ ሁሉ ሰው የሚሄድበት ጊዜ ከሆነ አየሩ ጥሩ መሆን አለበት» ብሎ የሚነሣ ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ዝናብ ሊገዛ ይችላል።

ዝናቡ ያለው የት ነው?

የምድር ዘንግ 23.4 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ በመሆኑ፣ ፀሐይ በቀትር ልክ በአናት ላይ የምትሆንበት መስመር ዓመቱን ሙሉ የምድር ወገብ ላይ አይቆምም፤ በጁን ወደ ሰሜን፣ በዲሴምበር ወደ ደቡብ እስከ 23.4 ዲግሪ ድረስ ይጓዛል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ቀበቶ ነው ሐሩር ክልል የሚባለው። ፀሐይ አብዝታ በምታሞቀው አካባቢ አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡ ነፋሶች ቦታውን ሊይዙ ይገሠግሣሉ፤ ከባሕር ያፈሱት እርጥበትም ሽቅብ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ዝናብ ይሆናል። ይህ የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ጥቂት ሳምንታት ዘግየት እያለ ይከተላታል። ስለዚህ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ያሉት እንደ ባሊ፣ ሞሪሽየስ፣ ሬዩኒየን፣ ፊጂና ሲሼልስ ያሉ ደሴቶች በእርጥብ ወቅታቸው ውስጥ ይሆናሉ፤ በስተ ሰሜን ያሉት እንደ ባርቤዶስና ፉኬት ያሉት፣ እንዲሁም አብዛኛው ማልዲቭስ፣ ወደ ደረቅ ወቅታቸው ይገባሉ።

ደንቡ ይህ ቢሆንም በካርታ ላይ የምድር ወገብን አይቶ ብቻ መወሰን አይቻልም። ሁለት የታይላንድ ደሴቶችን እንውሰድ። ፉኬት በምዕራብ በኩል በአንዳማን ባሕር ላይ፣ ኮ ሳሙይ ደግሞ በምሥራቅ በኩል በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በኖቬምበር ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጦ እርጥበት እየሰበሰበ ኮ ሳሙይን ያጥለቀልቃታል፤ ይኸው ነፋስ የብስን አልፎ ፉኬት ሲደርስ ግን እርጥበቱን ጥሎ መጥቷልና ሰማዩ ይጠራል። አንድ አገር፣ አንድ ወር፣ አንድ ነፋስ፣ ሁለት የተለያየ ዕረፍት። በስሪላንካም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ከዲሴምበር እስከ ማርች ደረቅ የሚሆነው የጋል አካባቢ ያለበት ደቡብ ምዕራቡ ሲሆን፣ ትሪንኮማሊ ያለችበት ምሥራቁ ጠረፍ የሚሻለው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው።

ዛንዚባርም የራሷ ጠባይ አላት። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 6 ዲግሪ ላይ ብትሆንም ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ደረቅና ሞቃት ናቸው፤ የዝናቡ ቀበቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ በዓመቱ መጨረሻ፣ ወደ ሰሜን ሲመለስ ደግሞ ከማርች እስከ ሜይ ሁለቴ ስለሚያልፍባት ነው። የደሴቲቱ ሰዎች የመጀመሪያውን አጭር ዝናብ «ቩሊ»፣ ሁለተኛውን ረጅም ዝናብ «ማሲካ» ይሉታል። በመካከሉ የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ «ካስካዚ» ይባላል፤ በሞተር ሳይሆን በሸራ በሚጓዝበት ዘመን ከዐረቢያና ከህንድ የሚመጡ መርከቦች ወደ ዛንዚባር ይወርዱ የነበረው በእርሱ ሲሆን፣ የሚመለሱትም «ኩሲ» የተባለው የደቡብ ነፋስ እስኪነሣ ጠብቀው ነበር። «ሞንሱን» የሚለው ቃል ራሱ «ወቅት» ከሚለው የዐረብኛ «መውሲም» የመጣ ነው። መርከበኞቹ ጉዟቸውን በነፋስ ያቅዱ ነበር፤ ዛሬም ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ከዋጋ ዝርዝሩ በፊት ይህንኑ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ደሴቱ ከፍ ያለ ተራራ ካለው ደግሞ የትኛው ጎን ላይ እንደምናርፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሃዋይ ትልቁ ደሴት ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመታት ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ ከተራራዎቹ ጀርባ የተጠለለው የኮና ጠረፍ የሚያገኘው የዚያን ጥቂት ክፍል ነው። ባርቤዶስ ላይ በእነዚህ ወራት ዋናው ልዩነት ዝናቡ ሳይሆን ሞገዱ ነው፤ ምሥራቁ ጠረፍ ከአትላንቲክ የሚመጣውን ማዕበል በቀጥታ ስለሚቀበል ለዋና አስቸጋሪ ሲሆን ምዕራቡ የረጋ ነው። የሆቴሉ ፎቶ ይህን አይነግርም። ካርታውን ከፍቶ «ነፋሱ ከየት ይመጣል፣ ሆቴሉስ በየትኛው ጎን ነው?» ማለት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የአየር ጠባይ ሰንጠረዥ ስንመለከት ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ሙቀቱ ላይ ነው፤ እርሱ ግን ከሁሉ ይልቅ የማይጠቅመው ቁጥር ነው፤ ለምድር ወገብ በቀረቡ ደሴቶች ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለወጥምና። የሚጠቅሙት የዝናብ ቀናት ብዛት፣ በቀን የሚገኘው የፀሐይ ሰዓትና የነፋሱ አቅጣጫ ናቸው። የወሩ የዝናብ መጠን ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ ከቀትር በኋላ ለአንድ ሰዓት ወርዶ የሚያቆም ኃይለኛ ዝናብና ሦስት ቀን ሙሉ የሚያንጠባጥብ ደመና በሚሊሜትር እኩል ሊሆኑ ይችላሉና። የመጀመሪያው ምንም አይጎዳም፤ እንዲያውም እኔ ብሆን ዋጋው ከቀነሰልኝ እመርጠዋለሁ። የዕረፍት ሳምንት የሚያበላሸው ሁለተኛው ነው።

አውሎ ነፋስ

ሳይክሎንም ሆነ ሃሪኬን እንደየባሕሩ ስሙ የተለያየ አንድ ዓይነት ነገር ነው። የሚወለደው የገጸ ባሕሩ ሙቀት 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያ በላይ በሆነበት ውኃ ላይ ሲሆን፣ ለመሽከርከር የምድርን ዙረት ግፊት ይፈልጋል። ይህ ግፊት ለምድር ወገብ በጣም በቀረበው አካባቢ ደካማ ስለሆነ እስከ 5 ዲግሪ ድረስ ባለው ቀበቶ ውስጥ እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ እምብዛም አይፈጠርም። ዋና ዋናዎቹ የሲሼልስ ደሴቶችና አብዛኛው ማልዲቭስ በአመዛኙ የሚተርፉት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰሜን አትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ ካሪቢያን በዋናው ወቅት ከዚህ ሥጋት ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ቀደም ብሎ የደረሰ ጉዳት እስከ ወቅቱ መክፈቻ ሊዘልቅ ይችላል፤ ሜሊሳ የተባለው ሃሪኬን የጃማይካን ምዕራብ የመታው በኦክቶበር 28 ቀን 2025፣ ማለትም እንግዶች መጉረፍ ከሚጀምሩበት ጊዜ ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት «ሆቴሉ ክፍት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «መዋኛው፣ ምግብ ቤቱና የባሕር ዳርቻው ሁሉ ክፍት ናቸው?» ተብሎ በጽሑፍ መልስ መቀበል አለበት።

በደቡብ ምዕራብ ህንድ ውቅያኖስና በደቡብ ፓስፊክ ግን ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ ራሱ የሳይክሎን ወቅት ነው። በላል የተባለው ሳይክሎን በጃንዋሪ 2024 ሬዩኒየንን ከመታ በኋላ የሞሪሽየስን ዋና ከተማ ፖርት ሉዊስን በጎርፍ አጥለቅልቋል፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ተዘግቶ ነበር። ሞሪሽየስ ከአንድ እስከ አራት የሚደርስ የሳይክሎን ማስጠንቀቂያ ደረጃ አላት፤ ደረጃው ሲጨምር ሥራና ትራንስፖርት ይቆማል፣ እንግዳም ከሆቴሉ አይወጣም። ይህ ማለት በጃንዋሪ ሞሪሽየስ አይኬድም ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ሄዶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ሞቆ ይመለሳል። ነገር ግን የጉዞ ዋስትና እዚህ ላይ አማራጭ መሆኑ ይቀራል፤ የሚገዛበት ቀንም ወሳኝ ነው። አውሎ ነፋሱ ተፈጥሮ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ዋስትና ያንኑ አውሎ ነፋስ እንደ ታወቀ ነገር ስለሚቆጥረው በአብዛኛው አይከፍልም። ዋስትና የሚገዛው ቲኬቱ በተቆረጠበት ሰሞን እንጂ ዜናው ከተሰማ በኋላ አይደለም።

በወቅቱ ውስጥ ያሉ ወቅቶች

ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ዋጋው አንድ አይደለም። ጣሪያው ከዲሴምበር 20 ገደማ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ያለው የገናና የአዲስ ዓመት ሰሞን ነው። ሆቴሎች በእነዚህ ቀናት ከአምስት ወይም ከሰባት ሌሊት በታች አናሳድርም ሊሉ ይችላሉ፤ ቅድመ ክፍያውን ያስበልጣሉ፤ ያለ ቅጣት የመሰረዣ ጊዜውንም ወደ ኋላ ይገፉታል። በሌላ ጊዜ እስከ ሦስት ቀን ድረስ በነጻ የሚሰረዝ ክፍል በዚህ ሰሞን ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በፊት ካልተሰረዘ ሙሉ ክፍያው ሊቀር ይችላል። ሩሲያ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 እስከ 8 የዕረፍት ቀን ስለሆነና የኦርቶዶክስ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሚውል፣ ሩሲያውያን በሚያዘወትሯቸው ደሴቶች ላይ ዋጋው እስከዚያ ድረስ አይወርድም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ብልኅ ተጓዥ የሚያደባበት ጊዜ። ከጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት አንሥቶ የአውሮፓና የአሜሪካ ልጆች ወደ ትምህርት ገበታቸው ተመልሰዋል፤ ብርዱ ግን አልለቀቀም፤ ደሴቶቹም ያው ናቸው። በማልዲቭስና በካሪቢያን የሚነፍሰው ነፋስ በዲሴምበር 28 እና በጃንዋሪ 14 መካከል የሚለውጠው እምብዛም ነገር የለም፤ የክፍሉ ዋጋ ግን ብዙ ሊቀንስ ይችላል። ለልጆች የትምህርት ቀን የማይጨነቅ ሰው ገናን በደሴት ላይ ለማሳለፍ የተለየ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ እነዚህን ሁለትና ሦስት ሳምንታት ትቶ የበዓሉን ሰሞን የሚመርጥበት ምክንያት አይታየኝም። ከዲሴምበር 1 እስከ 18 ያለው ጊዜም እንዲሁ ቀለል ያለ ነው፤ በህንድ ውቅያኖስ ግን ነፋሱ ገና አቅጣጫውን እየለወጠ ስለሚሆን አየሩ ከጃንዋሪው ይልቅ ተለዋዋጭ ነው።

ይህ ክፍተት ሁልጊዜ እኩል ርዝመት የለውም፤ የሚዘጋው በጨረቃ አቆጣጠር በሚውለው የቻይናውያን አዲስ ዓመት ነው። በዓሉ ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል፤ በ2026 ፌብሩዋሪ 17 የዋለ ሲሆን በ2027 ፌብሩዋሪ 6 ይውላል። በዚያ ሳምንት ፉኬት፣ ባሊና ማልዲቭስ ሌላ ገና ይሆንባቸዋል። ወዲያው የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የፌብሩዋሪ ዕረፍት ይከተላል፤ ከዚያም ፋሲካ። እነዚህን ቀናት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ የመነሻና የመመለሻ ቀንን በመካከላቸው ማስገባት ከየትኛውም የቅናሽ ማስታወቂያ የበለጠ ገንዘብ ያተርፋል።

የመድረሻው የራሱ በዓላትም አሉ። ባሊ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በማርች የሚውለው ኒዬፒ የዝምታ ቀን ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ለ24 ሰዓት ይዘጋል፣ መንገድ ላይ ማንም አይወጣም፣ ቱሪስትም ከሆቴሉ ግቢ አያልፍም። የረመዳን ወር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ አሁን በዚሁ ወቅት ውስጥ ገብቷል፤ በ2027 በፌብሩዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ይገባል። በማልዲቭስ ሪዞርቶች ላይ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ የአገሩ ሕዝብ በሚኖርባቸው «የነዋሪዎች ደሴቶች» ላይ ግን ምግብ ቤቶች ቀን ቀን ሊዘጉ ይችላሉ።

አራት መቶ ዶላር ስንት ነው?

በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ዋጋና በመጨረሻ የሚከፈለው ሒሳብ እንዴት እንደሚራራቁ ለማየት ማልዲቭስን እንመልከት። አንድ ሪዞርት ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል በሌሊት 400 ዶላር ብሎ፣ ከቁጥሩ አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት አስቀምጧል እንበል። እነዚህ ሁለት ትናንሽ ምልክቶች የአገልግሎት ክፍያና ታክስ ገና አልተጨመረም ማለት ናቸው። የአገልግሎት ክፍያው 10 በመቶ ሲሆን 400ው 440 ይሆናል። በእርሱ ላይ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ከ16 ወደ 17 በመቶ ያደገው የቱሪዝም ታክስ ሲጨመር 514 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይደርሳል። ከዚያም «አረንጓዴ ታክስ» የሚባለው አለ፤ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ በሪዞርቶች ላይ ለአንድ ሰው በሌሊት 12 ዶላር ነው፤ ለሁለት ሰው 24። ሌሊቱ 538 ዶላር ከ80 ሳንቲም ወጣ። ለሰባት ሌሊት 2,800 ዶላር ያሰበ ቤተሰብ 3,771 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይጠየቃል፤ ገና ምግብ አልበላም፣ ደሴቱም ላይ አልደረሰም።

ወደ ደሴቱ ማድረሻው ሌላ ሒሳብ ነው። ሪዞርቱ ከዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ርቆ ከሆነ በባሕር ላይ የሚያርፍ አነስተኛ አውሮፕላን ያስፈልጋል፤ ይህም ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ ብዙ ጊዜ ከ400 ዶላር በላይ ነው። ምግቡ ደግሞ በቀላሉ የማይታይ ነገር ነው፤ በማልዲቭስ አንድ ሪዞርት ብዙውን ጊዜ አንድ ደሴት ሙሉ ስለሚይዝ፣ ሆቴሉ ውስጥ ውድ ነው ብሎ ጎረቤት ምግብ ቤት የሚኬድበት መንገድ የለም። ቁርስ ብቻ ያለው ርካሽ ክፍልና ሦስቱንም ገበታ ያካተተው ውድ ክፍል ሲወዳደሩ የኋለኛው በመጨረሻ ሊረክስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በገናና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ደግሞ ግዴታ የሆነ «የበዓል እራት» በሒሳቡ ላይ ሊጨመር ይችላል፤ ባይበሉትም ይከፈላል፤ ስለዚህ ከማስያዝ በፊት በግልጽ ይጠየቅ።

ለሪዞርት አቅም የሌለው ሰው በነዋሪዎች ደሴቶች ላይ ያሉትን የእንግዳ ማረፊያዎች ሊመለከት ይችላል። ባሕሩ አንድ ነው፣ ዋጋው ግን በብዙ ያንሳል። አልኮል በእነዚህ ደሴቶች የተከለከለ ነው፤ የዋና ልብስ ለብሶ መታየትም ለቱሪስቶች ተብሎ በተለየው ዳርቻ ላይ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ይህን ቀድሞ አውቆ ለሄደ ሰው ችግር የለውም፤ ሳያውቅ ለሄደ ግን የዕረፍቱ ቅሬታ ሁሉ ከዚያ ይመነጫል።

ሌሎች አነስተኛ ክፍያዎችም እየበዙ ነው። ባሊ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ከእያንዳንዱ የውጭ ጎብኚ 150,000 ሩፒያ ትቀበላለች። ዛንዚባር ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ በ44 ዶላር የራሷን የጉዞ ዋስትና እንዲገዛ አስገድዳለች፤ ሌላ ዋስትና መያዝ ከዚህ ነጻ አያወጣም።

ከደሴቱ ወደ ኋላ ማቀድ

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ርካሹን ቲኬት ይቆርጣል፣ ቀጥሎ ሆቴል ይፈልጋል፣ ወደ ደሴቱ መሻገሪያውን በመጨረሻ ያስባል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፤ ዕቅዱ ከደሴቱ ይጀመርና ወደ ኋላ ይምጣ።

ምክንያቱን ለማየት በማልዲቭስ ዋና ከተማ በማሌ አውሮፕላን ማረፊያ በአገሩ ሰዓት 16:40 ላይ የደረሰን ተጓዥ እናስብ። ቲኬቱ ከሌሎቹ በመቶ ዶላር ይረክስ ነበር፤ ደስ ብሎት ገዝቶታል። ፓስፖርቱን አስመትቶ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ ሲወጣ 17:30 ሆኗል። በባሕር ላይ የሚያርፉት አውሮፕላኖች አብራሪው ውኃውን በዓይኑ እያየ ስለሚያርፍ የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ነው፤ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ደግሞ 18:00 ገደማ ነው። የመጨረሻው በረራ ሄዷል። ተጓዡ ያን ሌሊት በማሌ ወይም በአጠገቧ ባለችው በሁልሁማሌ ሆቴል ተከራይቶ ያድራል፤ ደሴቱ ላይ ያለው ክፍልም ባዶውን ያድራል፣ ሒሳቡ ግን ይቆጠራል። የተረፈው መቶ ዶላር ስንት እጥፍ ሆኖ እንደሄደ ማስላት አያስፈልግም። ወደነዚህ ደሴቶች ለመሻገር ከ15:30 በፊት መድረስ ይመከራል፤ ካልተቻለ በማታም የሚሄድ ፈጣን ጀልባ ያለው ቅርብ ደሴት ይመረጥ።

በባሕር ላይ በሚያርፈው ትንሽ አውሮፕላን የሚፈቀደው ሻንጣ ብዙ ጊዜ 20 ኪሎ፣ የእጅ ቦርሳው 5 ኪሎ ነው፤ ትልቁ አውሮፕላን 30 ኪሎ ስለፈቀደ ይኼኛውም ይፈቅዳል ማለት አይደለም። ሌላ የሚያስገርም ነገር ልጨምር፤ አንዳንድ የማልዲቭስ ሪዞርቶች እንግዳው የቀን ብርሃኑን እንዲጠቀም ብለው ሰዓታቸውን ከዋና ከተማው በአንድ ሰዓት ያስቀድማሉ። በመመለሻው ቀን የእጅ ሰዓት በየትኛው እየቆጠረ እንደሆነ አለማወቅ በረራ ሊያስመልጥ ይችላል። የነዋሪዎቹን ደሴቶች የሚያገናኙት የሕዝብ ጀልባዎች ደግሞ ብዙዎቹ ዓርብ አይሠሩም።

የመሻገሪያው ሰዓት ከታወቀ በኋላ ነው በረራው የሚመረጠው። አየር መንገዶች መቀመጫቸውን ብዙ ጊዜ ከ11 ወር ገደማ በፊት ለሽያጭ ይከፍታሉ፤ ለገና ሰሞን የሚሄድ ሰው ስድስትና ዘጠኝ ወር ቀድሞ ቢይዝ አልቸኮለም። መቀመጫ በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ በአንዱ አውሮፕላን ውስጥ ብዙ የዋጋ እርከን አለ፣ ርካሾቹ ሲያልቁ ቀጣዩ ይከፈታል፤ በበዓል ሰሞን ርካሾቹ እርከኖች ገና ከመነሻው ጥቂት ናቸው። «በመጨረሻው ሰዓት ይረክሳል» የሚለው ተስፋ ለጃንዋሪ አጋማሽ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ለዲሴምበር 26 ግን አይሠራም።

በመንገድ ላይ አውሮፕላን የሚቀይር ሰው ጉዞው ሁሉ በአንድ ቲኬት ላይ መሆኑን ያረጋግጥ። በአንድ ቲኬት ላይ ከሆነ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ በሌላ በረራ የማሳፈር ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። ሁለት የተለያዩ ቲኬቶች ከሆኑ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ተጓዡን የሚያውቀው «ያልመጣ መንገደኛ» ብሎ ብቻ ነው፤ በዋና ወቅት ደግሞ ቀጣዩ በረራ ላይ ባዶ መቀመጫ ላይኖር ይችላል።

ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ አገሮች ይህን ይጠይቃሉ። ማልዲቭስ ለአብዛኞቹ አገሮች ዜጎች የ30 ቀን ቪዛ በመድረሻ ላይ በነጻ ትሰጣለች፤ ነገር ግን ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ የሚሞላ የኤሌክትሮኒክ ቅጽ አለ። ቅጹ ነጻ ነው፤ ስለ እርሱ ገንዘብ የሚጠይቁ ድረ ገጾች የመንግሥት አይደሉም። ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚነሣ ወይም በእነርሱ በኩል የሚያልፍ ሰው በብዙ ደሴቶች የክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ በካርዱ ላይ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው ነገር አይደለም።

ባሕሩና ገላው

በዛንዚባር ምሥራቅ ጠረፍ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ በፎቶ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ባሕር የሙላት ሰዓት ባሕር ነው። ባሕሩ ሲጎድል ውኃው ርቆ ይሸሽና በቦታው እርጥብ አሸዋ፣ ኩሬና ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙባቸው ተርታ ችካሎች ይቀራሉ። ለመራመድ እጅግ ያምራል፤ ለመዋኘት ግን ሰዓታት መጠበቅ ነው። ሙላቱ በቀን ሁለቴ ይመጣል፤ በየቀኑም 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ልዩነቱ የሚሰፋው በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ነው። በማንኛውም ሰዓት መዋኘት የሚፈልግ ሰው በሰሜኑ ጫፍ ያሉትን ኑንግዊንና ኬንድዋን ቢመርጥ ይሻላል።

ሐሩር ክልል ውስጥ የፀሐይ ጨረር (UV) መለኪያው በቀትር ከ11 በላይ መድረሱ የተለመደ ነው፤ ከብርድ አገር የመጣ ገላ በመጀመሪያው ቀን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊቃጠል ይችላል፤ ቀዝቀዝ ያለው የባሕር ነፋስ ደግሞ ቃጠሎውን እስከ ማታ ይደብቀዋል። ወደ ሃዋይ የሚሄድ ሰው የሚይዘውን ቅባት ያንብብ፤ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉት ሁለት ንጥረ ነገሮች ያሉባቸው መከላከያዎች ኮራልን ይጎዳሉ ተብለው ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በግዛቲቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ ተከልክለዋል። ማልዲቭስ በ2015፣ ስሪላንካ ደግሞ በ2016 ከወባ ነጻ መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጧል፤ ይህ ግን ዴንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈውን ትንኝ አይመለከትም። እርሷ የምትነክሰው በቀን ነው፤ አስቀድሞ የሚዋጥ መከላከያ ክኒንም የለም፤ ያለው መከላከያ ረጅም እጅጌና የትንኝ ቅባት ነው።

ጠላቂዎች ስለ መመለሻው ቀን አንድ ነገር ማስላት አለባቸው። በጥልቅ ውኃ ውስጥ ወደ ደም የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ካልወጣ ከፍታ ላይ አረፋ ይሠራል። ስለዚህ ለብዙ ቀናት ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቀ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላው እንዳይበር ይመከራል። ዓለም አቀፉ በረራ እኩለ ሌሊት ላይ ቢሆንም ሰዓቱ የሚቆጠረው ከእርሱ ወደ ኋላ አይደለም፤ ከሪዞርቱ የሚያነሣው ትንሹ አውሮፕላንም በረራ ነውና፣ እርሱ ከቀትር በኋላ የሚነሣ ከሆነ የመጨረሻው መጥለቅ ካለፈው ቀን ምሽት በፊት ማለቅ አለበት።